ቀበሮዋ ለምን ቤት ትቀይራለች

እኔ ፀጉር አስተካካይ ነኝ፣ ሚስቴ ደግሞ የቀበሮ ሊቅ ናት። ይህን ስናገር ሰው ሁሌ ይስቃል፤ ይሳቅ፣ ምን ገዶኝ። ሰፈሩ «የቀበሮ ባል» የሚል ስም አውጥቶልኛል። አዲስ ደንበኛ እንኳ አንገቱን በበሩ አስግጎ «የቀበሮ ባል ማለት እርስዎ ነዎት?» ይለኛል። «አዎ፣ ግባ፣ አልነክስህም» እለዋለሁ።

ሥራዋን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት እወዳለሁ። ወንበሬ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ወደደም ጠላም ሰምቶት ነው የሚሄደው፤ ፎጣ አንገቱ ላይ ታስሮ የት ይሄዳል? ነገሩ እንዲህ ነው። ቀበሮ ከወለደች በኋላ አንድ ጉድጓድ ውስጥ አትረጋም። ትንሽ ቆይታ ቡችላዎቿን አንድ በአንድ በአፏ አንጠልጥላ ወደ ሌላ ጉድጓድ ትወስዳለች። ጥቂት ሰንብታ ደግሞ ወደ ሌላ። ለምን? ሚስቴ ከተማሪነቷ ጀምሮ የጠየቀችው ይህችን አንዲት ጥያቄ ነው። በየሳምንቱ መስክ ትወርዳለች። ሽታዋ ወደ እንስሳዋ እንዳይሄድ የነፋሱን አቅጣጫ አይታ፣ ደረቷን አፈር ላይ ለጥፋ፣ በሩቅ ማያ መነጽር ስታይ ትውላለች። እናቲቱ ለአደን ስትወጣ ደግሞ ቀስ ብላ ጉድጓዱ ጋ ትጠጋለች፣ ቡችላዎቹን ትቆጥራለች፣ ከደጁ አፈር ዘግና በብልቃጥ ይዛ ትመጣለች።

ያ አፈር ቁንጫ በቁንጫ ነው። አዲስ ሙሽሮች ሳለን ያሳከከኝን እኔ ነኝ የማውቀው። ሌላው ሰው ሚስቱ ሽቶ ይዛ ትገባለታለች፣ የኔዋ ቁንጫ። እናቴ ነፍሷን ይማርና «ልጄ፣ ይቺ ልጅ ትወድሃለች ወይስ ልትጨርስህ ነው?» ብላኝ ነበር።

መልሱም ከዚያው ከብልቃጡ ወጣ። ቀበሮዋ ጥላው የሄደችው ጉድጓድ ሁሉ በቁንጫ የተሞላ ነበር። ስለዚህ ቀበሮ ቤት የምትቀይረው ከቁንጫ ለመሸሽ ነው አለች ሚስቴ፤ ጻፈችውም። ከዚያ በኋላ ያለውን እኔ አፌን ሞልቼ ነው የማወራው። ባሕር ማዶ ያሉ ሰዎች እሷን ጠቅሰው ጻፉ። እዚሁ አገርም አንዱ በተኩላ፣ ሌላው በዱር ድመት የእሷን መንገድ ተከትሎ አጠና። የጥብቅ ቦታ ጠባቂዎች ቀበሮዎቹ መቀየሪያ እንዳያጡ ብለው ትርፍ ጉድጓድ መቆፈር ጀመሩ። በመጨረሻም የትምህርት ቤት መጽሐፍ ውስጥ ገባች፤ አንድ ሙሉ ገጽ፣ ከነሥዕሏ፣ «ቀበሮ ለምን ቤት ትቀይራለች?» የሚል። ያንን ገጽ ቆርጬ፣ በላስቲክ አሽጌ፣ ሱቄ ውስጥ ከመስታወቱ ጥግ ለጥፌዋለሁ። ጺሙን የሚላጭ ሁሉ ፊቱንና ሚስቴን እኩል እያየ ይላጫል።

እንግዲህ ነገሩ የተበላሸው እዚያው መስታወት ፊት ነው።

የሚስቴ ፋኩልቲ ዲን መጣ። ዲኑ የሚስቴ የመጀመሪያ ተማሪ ነው፤ በተኩላ አጠና ያልኳችሁ ሰው እሱ ነው። ፀጉሩን ከተማሪነቱ ጀምሮ የምቆርጠው እኔ ነኝ። ያኔ ጎፈሬ ነበረው፣ ዛሬ የምቆርጠው የተረፈውን ነው። ሱቁ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም። ጺሙን አረፋ ቀብቼው ምላጩን አንገቱ ላይ ሳሳርፍ «ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ ነው» አለኝ።

«ተናገር።»

«የፕሮፌሰር የክብር ቀን መቅረቡን ያውቃሉ።»

አላውቅም እንዴ! አዲሱ ቤተ ሙከራ በስሟ ሊሰየም ነው። ሙሉ ልብስ አስፍቼ ጨርሻለሁ። «እና?» አልኩት።

«ከዚያ በፊት ልጅቷ ዲፌንስ አላት።» ዲፌንስ የሚለው ጥናቷን በፈታኞች ፊት የምትከላከልበትን ቀን ነው፤ ልጅቷ የሚላት ደግሞ የሚስቴ የመጨረሻዋ የዶክትሬት ተማሪ ናት፤ ዝምተኛ፣ ቀጭን፣ ቤታችን ስትመጣ ሳህኗን ራሷ አጥባ የምትሄድ። «ያመጣችው ውጤት ጥሩ አይደለም፣ ጋሼ። ቀበሮዋ የምትሸሸው ከቁንጫ አይደለም ትላለች።»

«ታዲያ ከምንድን ነው?»

በመስታወቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን ተያየን። «ከፕሮፌሰር» አለኝ።

እጄ ቆመ። ለምን ያህል ጊዜ እንደቆመ አላውቅም፤ ብቻ ዲኑ «ጋሼ፣ ምላጩን…» ሲለኝ ነው የነቃሁት።

አስረዳኝ። ልጅቷ ማንም ሰው የማይደርስበት ሸለቆ ውስጥ፣ ቀበሮዎቹ ሳይወልዱ በፊት፣ ትንንሽ ካሜራ ደብቃ ጥላ ሄደች። ወልደው አሳድገው እስኪጨርሱ ዝር አላለችም። ካሜራዎቹን ስትሰበስብ እዚያም ቁንጫው ሞልቷል፤ ቀበሮዎቹ ግን ከወለዱበት ጉድጓድ ንቅንቅ አላሉም። ቤት የሚቀይሩት ሜዳው ላይ ያሉት ብቻ ናቸው። ሜዳው ላይ ደግሞ ያለችው ሚስቴ ናት። ሄዳ አፈር የዘገነችበት ጉድጓድ ሁሉ በማግስቱ ባዶ ይሆናል።

«ፕሮፌሰር ካልፈረሙ ዲፌንሱ አይካሄድም» አለኝ። «አንድ ሴሚስተር ብቻ ያዘግዩት። የክብር ቀኑ ይለፍ። እርስዎን ይሰማሉ።»

«ልጅቷስ? የትምህርት ጊዜዋ በዚህ ሴሚስተር አያልቅም እንዴ?»

«እሱ ይታያል» አለ።

ባለሥልጣን «ይታያል» ካለ ምንም እንደማይታይ እኔም አውቃለሁ፣ እሱም ያውቃል። ግን እውነቱን ልናገር፣ ያን ቀን ለልጅቷ አላዘንኩም። ደሜ ፈልቶ ነበር። ቤቴ ገብታ የበላች ልጅ! ሚስቴ ልጅ ስላልሰጠኋት እንደ ልጅ የያዘቻት! ሱቄን ዘግቼ በእግሬ ቤቴ እስክደርስ ለልጅቷ የምላትን ስድብ ስመርጥ ነበር።

ሚስቴ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣለች። የመስክ ጫማዋን አውልቃ ጎኗ አስቀምጣዋለች። ፊት ለፊቷ መፈረሚያው ወረቀትና እስክሪብቶ አለ። ገና ስገባ ፊቴን አይታ «ዲኑ ፀጉሩን ተቆረጠ?» አለችኝ።

«የሚቆረጥ ፀጉር የለውም። ይልቅ ይቺ ልጅ ምን ነክቷት ነው?»

«ምንም አልነካት። እውነቷን ነው።»

«አንቺ ታውቂ ነበር?»

«መጀመሪያ የነገረችው ለእኔ ነው። እዚህ፣ አሁን አንተ የቆምክበት ቆማ። እያለቀሰች። ውሸት ይሆናል ብዬ ተመልሰሽ እንደገና ሞክሪ አልኳት። ስሕተት ታገኛለች ብዬ ተስፋ አድርጌ እኮ ነው። ሌላ ሸለቆ ሄደች። ያው ሆነ።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ይህን ሁሉ ጊዜ ከአጠገቤ እየተኛች አንድ ቃል አልተነፈሰችልኝም። እኔ ደግሞ ስትገላበጥ ጨጓራዋ ነው እያልኩ ወተት አሞቅላት ነበር።

«እንግዲህ ተሳሳትሽ» አልኳት። «ሰው አይሳሳትም? ያኔ ይህ ካሜራ የት ነበር? ሳትሄጂ በምን ታያለሽ?»

«እሱን ነው የማስበው» አለች። «በሄድኩበት ሁሉ ትቀይራለች። ባልሄድኩበት ምን እንደምታደርግ እንዴት ልወቅ? ለማየት መሄድ አለብኝ፤ ከሄድኩ ደግሞ የማየው ከእኔ ስትሸሽ ነው። በዚያ ላይ ጎበዝ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ነፋሱን ስመርጥ፣ ሳሩን ላለመርገጥ ስጠነቀቅ…»

«አየሽ? ጥፋት የለብሽም!»

«ስለ ጥፋት ማን አወራ? ስለ ቡችላዎቹ ነው የማወራው።» እስክሪብቶውን አንስታ መልሳ አስቀመጠችው። «በአፏ ይዛቸው የምትሻገረው ገላጣ ሜዳ ነው። ንስር ከላይ ያያል። አንዱን አድርሳ ለሌላው ስትመለስ፣ ያደረሰችው ብቻውን ነው። ስንቴ ሲወሰድባት አይቻለሁ መሰለህ? እዚያው ተኝቼ በመነጽር እያየሁ። ጻፍኩትም፤ ቁንጫ በቀበሮ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ብዬ። ሰውዬ፣ ቁንጫዋ እኔ ነበርኩ።»

አፍ አለኝ እላለሁ። ሱቄ ውስጥ ለሬሳ እንኳ መልስ አላጣም። ያን ጊዜ ግን ከመቀመጫዬ ተነስቼ ጫማዋን ወደ በሩ ወሰድኩት፤ ሌላ የማደርገው ስለጠፋኝ ነው።

ተመልሼ ግን ያሰብኩትን አልተውኩም። «እሺ፣ ፈርሚ። ግን ከክብር ቀኑ በኋላ ፈርሚ። አንድ ጊዜ እንኳ ሰው ቆሞ ያጨብጭብልሽ። እኔ ላየው እፈልጋለሁ፣ በሞቴ።»

«ልጅቷን እስከዚያ ማን ያቆይልኛል? ጊዜዋ ካለቀ ባዶ እጇን ነው የምትሄደው።»

«ይታያል ብሏል።»

«ይታያል!» ብላ ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እፈራለሁ» አለችኝ። «ሌላ ሥራ እኮ የለኝም። ሕይወቴን ሙሉ ያደረግኩት ይህንን አንድ ነገር ነው። ይህ ከተነሳ ምን ይቀራል?»

እኔ እቀራለሁ ልላት ፈልጌ ነበር፤ ግን ለእንደዚህ ያለ ጥያቄ ፀጉር አስተካካይ መልስ አይሆንም። እጇን ያዝኩ። ጠዋት ስነሳ ጫማዋ በሩ ላይ እንዳለ ነው፤ ወረቀቱ ግን ጠረጴዛው ላይ አልነበረም።

የዲፌንሱ ቀን ሱቄን ዘግቼ ሄድኩ። ከኋላ ተቀመጥኩ። አዳራሹ ሞልቶ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ ወሬ እንደሆነ ክንፍ አለው። ልጅቷ የተዋሰችው የሚመስል፣ ትከሻው የሰፋ ኮት ለብሳ ቆማለች። ዲኑ ከፈታኞቹ መሀል ነው። ሚስቴ ከፊት፣ ጥግ ላይ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

ልጅቷ ጥሩ ተናገረች። ሸለቆውን አሳየች፣ ሜዳውን አሳየች፣ የቁንጫውን ነገር ምንም ሳታንጓጥጥ አለፈችው። መጨረሻ ላይ ግን ድምፅዋ ቀጠነ። «ስለዚህ ሜዳው ላይ ያሉት ቀበሮዎች ቤት የሚቀይሩት… በሰው እንቅስቃሴ ምክንያት ነው» አለች።

ዲኑ ጉሮሮውን ጠረገ። «የማን እንቅስቃሴ? አዳኝ ሊሆን ይችላል፣ እረኛ ሊሆን ይችላል። ደግሞስ ካሜራዎቹ ምን ያህል ይታመናሉ?»

ክፉ ሰው አይደለም፤ በር ነው የከፈተላት። ልጅቷም ገባት። ወደ ሚስቴ አየች፣ ከዚያ ወደ ወለሉ። «አዎ… አዳኝም ሊሆን ይችላል» አለች። «ካሜራዎቹም ስሕተት ሊኖርባቸው ይችላል።»

እፎይ አልኩ። እኔ ልሙት፣ ከልቤ ነው እፎይ ያልኩት። ልጅቷ ታልፋለች፣ የሚስቴ ስም ይተርፋል፣ ሁሉም በሰላም ቤቱ ይገባል።

ሚስቴ ተነሳች።

«ካሜራሽ ስሕተት የለበትም» አለች። «ተጠራጥሬ ሁለተኛ የላክሁሽ እኔ ነኝ። አሁን እኔ ልጠይቅሽ። ሜዳው ላይ አዳኝ አይተሻል?»

«አላየሁም።»

«እረኛስ?»

«የታጠረ ነው፤ ከብት አይገባም።»

«ታዲያ ማን ነበር የሚገባው?»

ልጅቷ ወረቀቷን አገላበጠች። አንድ ሰው ወንበሩን አንቋቋ፤ ተነስቼ ላንቀው ምንም አልቀረኝም።

«ልጄ» አለች ሚስቴ፣ ድምፅዋ ቤት ውስጥ እንደምታወራው ሆኖ፣ «ለእኔ ብለሽ ሥራሽን አታበላሺ። ማን ነበር?»

«እርስዎ ነዎት፣ ፕሮፌሰር።»

«ጮክ በይ። ከኋላ ያሉት አልሰሙሽም።»

ከኋላ ያለሁት እኔ ነኝ። ሰምቼያት ነበር።

ልጅቷ እንባዋ በጉንጯ እየወረደ ቀና አለች። «ቀበሮዎቹ የሚሸሹት ከእርስዎ ነበር» አለች።

«ትክክል ነው» አለች ሚስቴ። «ቀጥዪ።» ከዚያ ቀሚሷን ሰብስባ ተቀመጠች። ጀርባዋን ብቻ ነበር የማየው። ፀጉሯን ራሴ ስለምቆርጠው ከኋላ በደንብ አውቃታለሁ፤ አንገቷ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ልጅቷ አለፈች። የክብር ቀኑ ለሌላ ጊዜ ተላለፈ፤ ቤተ ሙከራው እስካሁን ስም የለውም፣ ይታያል ተብሏል። ስልክ ግን አላረፈም። ከየአገሩ፣ እሷን ጠቅሰው የጻፉት ሁሉ ይደውላሉ። አንዳንዱ ይቆጣል፣ አንዳንዱ ያለቅሳል፣ አንዱ ሽማግሌ ደግሞ ለእኔ «እባክዎን እጇን ይሳሙልኝ» አለኝ። ሳምኩላት። ዲኑም እንደልማዱ መጥቶ ወንበሬ ላይ ተቀመጠ። ፎጣውን ሳስርለት «ጋሼ፣ የእኔም ተኩላዎች ከእኔ ነበር የሚሸሹት ማለት ነው» አለኝ። እንግዲህ ምን ልበለው? «እኔም ብሆን እሸሽሃለሁ» አልኩት። ሳቀ፤ ከዚያ ልጅቷን ካሜራ እንድታውሰው ሊለምናት መሆኑን ነገረኝ።

ሚስቴ ግን ጠፋችብኝ። ቤት ውስጥ ናት፣ ግን ጠፋች። የቀበሮዎቹ መውለጃ ወቅት ሲደርስ ባሰባት። ዱሮ ያን ጊዜ ለእንግዳ እንኳ አትገኝም ነበር፤ አሁን ከመስኮት መስኮት ትላለች፣ የተጠረገ ቤት መልሳ ትጠርጋለች። «ለምን አንድ ቀን ሄደሽ ከሩቅ አታይም?» አልኳት። «ከሩቅ የሚባል ነገር የለም» አለችኝ። የመስክ ጫማዋ በሩ ላይ ደርቆ ቆመ። ሜዳው ላይ ጆሮ ቆራጣ የምትላት፣ አንድ ጆሮዋ የተቆረጠ አሮጊት ቀበሮ አለች፤ ሙቀት ሲመጣ «እሷ ይህን ጊዜ ወልዳለች» ብላ መጥረጊያዋን መልሳ ታነሳለች። በሱቄ መስታወት ላይ ያለውን ገጽ ልገነጥል ሞክሬ ነበር። ማስቲሹ ጠንቶ አልላቀቅ ስላለኝ ግማሹ ተቀድዶ ግማሹ ቀረ። ደንበኛ ሲጠይቀኝ «እድሳት ላይ ነው» እላለሁ።

ወቅቱ ካለፈ በኋላ አንድ እሑድ ከሰዓት ሚስቴ ፀጉሯን ልትቆረጥ ሱቅ መጣች። ጎረቤቴ ጫማ ሰፊው ተራውን ለእሷ ለቆ ጥግ ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ ያያል። የፀጉር መቁረጫ ማሽኑን፣ ቶንዶሱን፣ አንገቷ ላይ አስጀምሬ ስለ ሰፈሩ ውሃ መጥፋት እየለፈለፍኩ ሳለ ልጅቷ ላፕቶፕ አቅፋ ገባች። አሁን ዶክተር ናት፣ ኮቷም ልኳ ሆኗል። «ጋሼ፣ አንድ ጊዜ» አለችኝና ሚስቴ ፊት፣ መስታወቱ ሥር፣ መቀሶቼን ገፋ አድርጋ ከፈተችው።

«ከሸለቆው ነው?» አለች ሚስቴ።

«አይደለም። ከሜዳው ነው። ገና ሳይወልዱ ካሜራ አስቀምጬ ነበር። እርስዎ ያልሄዱበት የመጀመሪያው ወቅት ነው።»

እኔም አንገቴን አሰገግኩ። አንድ ጉድጓድ ይታያል፣ ደጁ ላይ ፀሐይ ወድቋል። ጆሮ ቆራጣ ናት። በጎኗ ተጋድማለች። አንዱ ቡችላ ጆሮዋን ይስባል፣ ሌላው ሆዷ ላይ ወጥቶ ይንሸራተታል፣ ሁለቱ እግሯ መሀል ይደባደባሉ። እሷ እቴ! ዓይኗን እንኳ አትገልጥም።

«ከወለደችበት ጉድጓድ አልወጣችም» አለች ልጅቷ። «አንድም አልጠፋባትም።»

ሚስቴ ወደ ፊት ተጎነበሰች። ፎጣው ከትከሻዋ ወደቀ፤ አላነሳችውም።

«ተኝታለች» አለች።

«አዎ፣ ተኝታለች፤ ምን አለበት?» አልኳት።

«ስትተኛ አይቻት አላውቅም። አንዷንም። ሁሌ ቆማ፣ ጆሮዋን ቀስራ ነው የማውቃት። እኔ እኮ ቀበሮ እንዲህ የምትተኛ አይመስለኝም ነበር።»

ልጅቷ እጇን ትከሻዋ ላይ አደረገችላት። እኔ አንድ ነገር ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ ምን እንደነበር አላስታውስም፣ ቀልድ ነው መቼም። ሚስቴ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

«እሽሽ» አለችን፣ በሹክሹክታ። «ትነቃለች።»

ከስክሪን ውስጥ እንደማትሰማን የጠፋው ሰው የለም። ጫማ ሰፊው ግን ጋዜጣውን ሳያንኮሻኩሽ አጠፈው። እኔም ቶንዶሱን አጠፋሁት።